የውሃ ተረኛ

ረቡዕ ነው። ከሐይቁ በኩል ንፋስ ጠፍቷል።
የሽምብጡ ትምህርት ቤት ቆርቆሮው ግሏል።
በጠመኔ ስባሪ፣ ከሰሌዳው መሐል፣
«እኩልነት» ብያለሁ፣ በትልልቅ ፊደል።
አርባ ሁለት አንደበት በዜማ ሲለው
ቃሉ ደስ ይላል፤ ማን ያስተባብለው?

መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለ፤ አምስት ሕፃን፣ አምስት ዓይነት ልብስ፣
እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚስቁ፣ አንዱ እንኳ ሳያለቅስ።
«ጣታችሁን ሥዕሉ ላይ» ስል፣ ጣቶች ሁሉ ያርፋሉ፤
ሦስት ሦስት ሆነው ባንድ ዴስክ፣ በክርን ይገፋፋሉ።
ሩቂያ ግን ብቻዋን፣ ከኋላ፣ በሩ ዘንድ፤
የሦስት ልጅ ዴስክ ለአንድ።
ማን አስቀመጣት? ማንም። ማንም አላላት «ሂጂ»፤
እንዲሁ ሆኖ ተገኘ እንጂ።

አባቷ ደንገል ያጭዳል፣ ታንኳ ይሠራል፤
እናቷ ወፍጮ ትጠርባለች፣ ገበያው ይገዛል።
አገሩ በወፍጮዋ ይፈጫል፣ በታንኳው ይሻገራል፤
«እንብላ» ሲሉት ግን «ጠግቤያለሁ» ይላል።

እኔ ግን አስተማሪ ነኝ። ዲፕሎማ አለኝ፤ ሥልጠና ወስጃለሁ።
«ልዩነት ጌጥ ነው» ብዬ፣ ካርቶን ላይ ጽፌ፣ ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ።
በሰልፍ ላይ ስሟን ትተው በዘር ስድብ ሲጠሯት፣
ሁለት ልጅ አንበርክኬ ነበር፣ ለራሴ ጻድቅ መስዬ፣ አምና፣ አንድ ጠዋት።

የዚያን ዕለት የውሃ ተረኛዋ እሷ ነበረች፤
ከጀሪካኑ ቀድታ፣ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች፤
አንዲት ጠብታ ሳታፈስ፣ ፊቴ ጎንበስ አለች።
ተቀበልኩ። አውራ ጣቴ (እኔ አልላክኩትም)
የኩባያውን አፍ ዞረው፤ ጠረገው። ይህን ያህል። ሌላ ምንም።
ከዚያ ጠጣሁ።

ማን አስተማረው ጣቴን? በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ክፍል?
ሳልፈትነው፣ አንድ ነጥብ እንኳ ሳልሰጠው፣ ያውቅ ነበር በቃል።

ልየው ነው እጁን ያወጣ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፤
ክፋት የለበትም፤ ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀ፦
«ቲቸር፣ የትናንቱ ተረኛ እኔ አልነበርኩም?
የእኔን አልጠረጉትም።»

«አቧራ ነክቶት መስሎኝ» አልኩ።
«ሁለቴ አጥቤዋለሁ» አለች ሩቂያ፣
ወለል ወለሉን እያየች፣ ከእኔ ዓይን ወዲያ።

ዝም። ከአስፋልቱ የባጃጅ ጡሩምባ። አንድ ዝንብ።
ሰሌዳው ላይ ያ ቃል፣ የገዛ እጄ ጽሕፈት፣ አምሮ የሚነበብ።
ለዓርብ ያዘጋጀሁትን ፈተና አስታወስኩ፦
እኩልነት ማለት፦ «ሀ» እንዲህ፣ «ለ» እንዲያ፣ «ሐ» ሁለቱም፤
«መ»፦ መልሱ አልተሰጠም።
በልቤ «መ»ን አከበብኩ።

ማታ እግሬ አምቦጭ ወደ በላው ዳርቻ ወሰደኝ፤
እንድሪስ ደንገሉን በእግሩ ረግጦ ሲያጠብቅ አየኝ።
ምን ልለው እንደመጣሁ አላውቅም፤ ቃል ጠፋኝ።
እሱ ግን ብድግ አለ፤ «የልጄ አስተማሪ!» ብሎ እጅ ነሣኝ፤
በነጠላው ጫፍ፣ እርጥብ ነበር፣ ድንጋዩን ጠረገልኝ፤
«እዚህ ይረፉ» አለኝ።

ያው ግሥ ነው፤ እኔም ጠረግኩ፣ እሱም ጠረገ፤
ሰዋስው አይለየውም፣ ማን ምን እንደፈለገ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ግድግዳው ላይ ካለው የተረኞች ስም
ከሩቂያ ቀጥሎ የእኔን ጨመርኩ። ማንም አልሳቀም።
ቀዳሁ። እስከ በሩ፣ እስከ ሰፊው ዴስክ ሄድኩ፤ ሰጠኋት።
አየችኝ። ኩባያውን አየች። ቆየችበት።
ከዚያ አውራ ጣቷን አንሥታ አፉን ዞረችው፤
ቀስ አድርጋ ጠረገችው፤
ጠጣች፣ እስከ ታች። ባዶውን መለሰችው።

መጀመሪያ የሳቀው ልየው ነው። ከዚያ ሩቂያ። ከዚያ እኔ...
አይ፣ መዋሸት ምን ያደርጋል፤ አልሳቅኩም። «ጠመኔ ገባ» አልኩ «ከዓይኔ»።

ልየው ዝርዝሩ ፊት ቆሞ፣ በጣቱ ስም እየቆጠረ፣
«ነገ ማነው ተረኛ?» አለ።
ዴስኩ አሁንም ለሁለት ሰው ክፍት ነበረ።