የአሸዋው ሰው

ላሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ቆሜ እጠብቃለሁ ከሽቦው አጥር ጋ።
ኒው ሜክሲኮ እንዲህ ነው፣ በረሃ ሆኖ ደጋ፣
ቀን ቆዳ ሲጠብስ፣ ሌት አጥንት ሲወጋ።
ከመኪና መብራት አንድ ባንድ ሲወርዱ፣
እቆጥራለሁ እኔ፤ ይቆጥራል ብርዱ።
ካዴት ይባላሉ፤
ጉንጫቸው ላይ ገና የትራስ እጥፋት አለ።

መስከረም ሲጠባ አርባ ሁለት ነበሩ፤
ኅዳር ላይ አሥራ አንድ፤ እነሱው ቀሩ።
አንዱ ጎማ ቤት ገባ፣ ደሞዝ ይሻላል ብሎ፤
አንዷን ጉልበቷ ከዳት፤
አንዱ ከሰልፍ ወጣ፣ ጫማውን አንጠልጥሎ።
እኔም አልጠራሁትም።

ስሜ ዴልፊኖ ነው፤ የእግረኛ ሃምሳ አለቃ፣
ጡረታ የወጣሁ፣ ወገቤ ሲል «በቃ»።
ከኋላዬ ሆነው ያወጡልኝ ስም
ደርሶኛል ከጆሮ፤ አልተሳሳቱም።
ማሠሪያህ ከላላ ቡድንህ ይሮጣል፤
ዘግይተህ ከመጣህ ጓደኛህ ይቀጣል።
በሒሳብ ከወደቅህ ገመድ አትነካም፤
መቁጠር ያልወደደ ድልድይ አይለካም።
ርእሰ መምህሯ ጠርታኝ «ልጆች እኮ ናቸው» አለች።
«አውቃለሁ» አልኋት። ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ቃሬዛው ላይ ደግሞ አንድ ሰው አለ፤
ከሸራ ተሰፍቶ፣ አሸዋ የሞላ፣
ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ገላ።
ፊት የለው፣ እጅ የለው፤ እግሩ የቱቦ ቁራጭ፣
አንገቱ ላይ ስፌት፣ አሸዋ የሚረጭ።
«ስም እናውጣለት» አሉ፤ «ሎሬንሶ ይባል»።
ከለከልሁ። ስም ያለው ሸክም ይከብዳል።
አንድ ጊዜ፣ ሩቅ አገር፣ ስም ያለው ተሸክሜ፣
ካወረድሁት በኋላ ቀረሁ እዚያው ቆሜ፣
ጣቴ አልላቀቅ ብሎ።

ከሁሉም አጭሯ ብሪሳ ነች፤ መነጽሯን
በላስቲክ ጠፍንጋ፣ አጥብቃ ፀጉሯን፣
በገመድ ተንጠልጥላ ሸለቆ ስታቋርጥ
እጇ ሲላጥ አየሁ፤ አላየኋት ስታምጥ።

ሚያዝያ ላይ ውድድር፤ ሜዳው አቧራ፤
ሃያ ስድስት ትምህርት ቤት፣ ባንዲራ በባንዲራ።
ገመዱን አንደኛ፣ ግንዱንም አንደኛ፣
ሩጫውን ሁለተኛ።
የቀረው ቃሬዛ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር፣
ዳገቱ ሙልጭ ያለ፣ የጋለ ጠጠር።
ሰዓቴን ይዣለሁ። እየመራን ነበር።
ድንገት መታጠፊያው ላይ፣ ከጽዱ ግንድ ሥር፣
ብሪሳ «ቁሙ!» አለች።
ቆሙ።
ቆቧን አወለቀች። ሰውየው ፊት ላይ፣
ፊት የሌለው ሰው ፊት፣ ጣለችው ለፀሐይ።
«ተነሡ!» አለች።
ሄዱ።

በሦስት ሰኮንድ ተሸነፍን።
ያ ቆብ የፈጀው አራት።

አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አልተነፈሰ፤
ጩኸቴን ጠበቁ፤ ጩኸቴ አልደረሰ።
ደብተሬን ገለጥሁ፣ ስሕተት የምጽፍበት፤
«ብሪሳ፣ አራት ሰኮንድ» አልሁና አቆምሁበት።
ሩጫ አስተማርሁሽ፣ ቋጠሮ፣ ትንፋሽ፤
ይኼን ግን፣ ልጄ ሆይ፣ ከየት አመጣሽ?
ደንቡ ላይ አልሰፈረም፤ ዳኛው አልቆጠረው፤
አሸዋን ደግሞ ፀሐይ መች ቸገረው?
ያን ቀን፣ ሩቅ አገር፣
እኔም ቆብ ነበረኝ።

ሰኞ ላሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ።
«ብሪሳ ባካ!»
«አቤት!»
«ዋንጫውን ያስበላሽን አንቺ ነሽ። አሥር ዙር።»
ሮጠች።
እኔ ከመጋዘን ሰውየውን አወጣሁ፣
መርፌና ክር ይዤ አንገቱ ላይ መጣሁ።
ስሰፋው፣ ማንም ሳይሰማ፣ «ሎሬንሶ» አልሁት፤
አፌ ላይ እንዴት እንደሚከብድ ልይ ብዬ።

ጨርሳ መጣች፤ ትንፋሿ እንደ ጭስ ይወጣል።
«ስንት ሰኮንድ ፈጀብኝ?»
«አራት።»
መሬት መሬት አየች። ይቅርታ ልትጠይቅ መሰለኝ።
«ቆቡን አስቀድሜ በግራ እጄ ብይዘው» አለች፣
«ሳንቆም ይቻላል። በአንድ ተኩል።
እንለማመደው?»

ክሩን በጥርሴ በጠስሁ።
ሰዓቱን ወደ ዜሮ መለስሁ።