ወራጅ አለ

ከፍልውሃ ጓሮ፣ ከጉድጓዱ ቧንቧ፣ ገና ሳይነጋ፣
ጠርሙሷን ሦስቴ በዚያው በሚፋጀው አለቅልቄ ስጠጋ፣
“ደሞ መጣሽ?” አሉኝ ጋሽ ወልደሰንበት፣ የመታጠቢያው ዘበኛ፣
“ሰው ገላውን ያጥባል፤ አንቺ ውሃውን ትመረምሪያለሽ እንደ ዳኛ።”

ሞላኋት እስካፏ። አረፋ እንዳይቀር፣ ክዳኗን ጠበቅ።
ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን በእርሳስ፤ እንፋሎት ነክቶት ቀለም እንዳይለቅ።

ወደ አራት ኪሎ በታክሲ፣ ታቅፌያት እንደ ጨቅላ።
“ምንድነው?” አለኝ ወያላው።
“ውሃ።”
“እኛ ሰፈር ከጠፋ ሦስት ቀኑ! አንቺ ይዘሽ ትዞሪያለሽ በብልቃጥ?”
ሳቀ። ሂሳቤን ተቀበለ። ምን ብዬ ልመልስለት በዚያ ሩጫ፣ በዚያ መጣደፍ መሃል?

ደመናም ታክሲ ነው። ከውቅያኖስ ዳር ጢም ብሎ ይነሳል፤
ዳገቱ በጠና ቁጥር ይበርደዋል፣ ጭነት ይቀንሳል።
“ወራጅ አለ!”
ቀድሞ የሚወርደው ከባዱ ነው፣
በእምብርቱ ሁለት ትርፍ ኒውትሮን ያዘለው፤
እንጦጦ ሲደርስ የሚበዛው ቀላሉ፣ ሻንጣ የሌለው።

መዝገብ ቤት አያውቀውም፤ የቀበሌ መታወቂያ አላወጣም፤
የወረደበት ብርድ ግን ከውስጡ አልወጣም።

“ውሃን ምን ያስጮኸዋል?” ቢሉ “ድንጋይ” ይላሉ።
ከታች፣ በጋለው ቋጥኝ ውስጥ፣ ሁለቱም ዝም ብለው ይኖራሉ፤
ዝም ብለው ኦክስጅን ይለዋወጣሉ።
ሃይድሮጅን ግን ድንጋይ ከየት አምጥቶ ያበድረዋል?
እሱ የዝናቡ ቃል ነው፤ እንደ ተሰጠ ይኖራል።

ማታ መብራት ሄደ። መጣ። ሌዘሩን እንደገና አሞቅሁት።
ቁጥሩን ዘንድሮ ጣሪያችን ላይ በባልዲ ከያዝኩት
ዝናብ አጠገብ አስቀመጥኩት።
አይመሳሰሉም። የጠርሙሷ ይቀላል።
ምናልባት ከፍ ካለ ተራራ፤ ምናልባት ከኛ ክረምት
ይልቅ ከሚቀዘቅዝ ክረምት፣
ይህች ከተማ ስም ሳይወጣላት፣
ጣሪያም፣ ባልዲም፣ እኔም ሳንኖር በፊት።
“ምናልባት”ን ሁለቴ አሰመርኩበት።

ቅዳሜ ትኬት ቆርጬ ገባሁ፣ እንደ ማንም ሰው።
“እሺ፣ ከየት ነው አለሽ?” አሉኝ ጋሽ ወልደሰንበት።
“ከዝናብ ነው፤ ከቆየ ዝናብ።”
“ለዚህ ነው ስትመላለሺ የከረምሽው?”
ፎጣዬን አቀበሉኝ።

ቧንቧውን ከፈትኩ።
ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ጨለማ፣ ያ ሁሉ ዝምታ መጨረሻ
ፌርማታው የኔ ትከሻ።