የሽምብራዋ ዋጋ

እኔ አናጢ ነኝ፣ ሄርማታ ነው ቤቴ፣
በዋንዛ ግንድ ነው ያለቀው ጉልበቴ።
ብር ቆጥሬ አላውቅም፤ ስቆጥር በበርጩማ፣
ባለ ሦስቱን እግር፣ የእኛን፣ የጅማ።
የቤት ኪራይ አራት፣ የልጅ ደብተር አንድ፣
ጤፍ ሲወደድ ስድስት፣ ሲብስም አንድ ግንድ።

ሙኒራ በሌሊት ጎኗን ይዛ ስትነሣ
"ቃር ነው" አለች በፊት፤ ቀጥላም "ምሳ
አልተስማማኝ" አለች። ሦስተኛው ሌሊት ላይ
ምንም አላለችም፣ ጣሪያ ጣሪያ ስታይ።

መድን አለን እኮ! ፎቶ ያለው ደብተር፣
ማኅተም ያረፈበት፣ የቤተሰብ ቁጥር።
ቀበሌው በየዓመቱ በሬን ሲያንኳኳ
ከፍዬ አድሬያለሁ፣ ዱቄት ሳይኖር እንኳ።

ጂሬን ደመና ለብሶ፣ ጫፉም ሳይታይ፣
በባጃጅ ይዣት ሄድኩ፣ ሆስፒታል እንድትታይ።
ሐኪሙ ገና ልጅ፣ እንቅልፍ የናፈቀው፣
ሆዷን ጫን አደረገ፤ ስትጮህ አወቀው።
"አልትራሳውንድ" አለ። "ማሽኑ ግን ተበላሽቷል።
ጠጋኝ ተጠርቶለት ሦስት ወር አልፎታል።"
ከዚያም አቀርቅሮ፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ
"ውጭ" ብሎ ጻፈልኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

"ውጭ" አንዲት ቃል ናት፤ እንደ አወቱ በክረምት
ሞልታ ተዘረጋች ከደብተሬ ፊት።

ፈረንጅ አራዳ ላይ የግል ክሊኒክ አለ፣
ወለሉ መስታወት፣ ፊትህን የሳለ።
ገብተን ተቀመጥን። እጄ ሳላስበው
ከአግዳሚው ሥር ገብቶ ጠርዙን ዳበሰው።
ያቺ የመሮ ጭረት! ያቺ የእኔ ስህተት!
የእኔ ሥራ ኖሯል፤ የዛሬ ስድስት ዓመት
"ለታማሚ እኮ ነው፣ አጅር አለው፣ ቀንስ"
እያለ ባለቤቱ፣ ሲሄድ ሲመላለስ፣
ለአጅሩ ቀነስኩለት።
ዛሬ በመስኮቱ
"ቀንሺልኝ" ብላት ገንዘብ ተቀባይቱ
ቀና ሳትል፣ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሣ፣
"ዋጋው ቋሚ ነው ጋሼ" አለች በለስላሳ።

ካርድ፣ ግማሽ በርጩማ። የደም ምርመራ፣ አንድ።
ሆዷን ለማየት ብቻ፣ ሌላ አንድ፣ ሌላ አንድ።
ጠጠር ናት። ሐሞት ላይ። ሽምብራ ታክላለች።
በጥቁሩ መስኮት ውስጥ ዝም ብላ ተኝታለች።
"ቀዶ ጥገና" አሉ። "ማስያዣ" አሉ። ቁጥር አሉ።
በጣቴ ሞከርኩት፤ ጣቶቼ አለቁ።
አርባ ሁለት በርጩማ!
እግሩ ብቻ መቶ ሃያ ስድስት።
ለአንዲት ሽምብራ።

የአክስቴ ልጅ ሸምሱ "የኩባንያ መድን ግባ" አለኝ።
ክራባት ያሰረው ወጣት ቅጹን ገልጦ እያሳየኝ
"ቀድሞ የነበረ ሕመም አይሸፈንም" አለ።
ጭሱ ሳይታይ ና ማለቱ ነው፤
የእኔ ጎጆ እየጨሰ።

ፊደል የቆጠረ ይፍታልኝ እስኪ፦
መዳንም ድኅነት፣
ማጣትም ድህነት፤
ጆሮዬ አይለያቸው።
አንደኛውን ፍለጋ በገባሁበት በር
ሌላኛውን ተሸክሜ ወጣሁ።

ዛሬ ማታ አልጋው አልተመቻትም።
ከበርጩማ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ጎኗን በክርኗ ይዛ፣
መላጊያዬን ታያለች።
ወለላችን ጎርባጣ ነው፣ በርጩማው ግን አይነቃነቅም።
ሦስት እግር መሬቱን ያውቃል።
"ገበያው እንዴት ነው?" አለችኝ።
"ደህና ነው" አልኳት።
ፍቅፋቂው ጉልበቷ ላይ በረደ፣ አላራገፈችውም።

አንቺ ሽምብራ፣
ያልተጠራሽ እንግዳ፣
የአጋሮ ቡና እስኪለቀም ታገሺኝ።
ኅዳር ላይ ሰርግ አለ፣ ሰው በርጩማ ይገዛል።
እስከዚያ ተኚ።
አትንከባለዪ።
በመዶሻ ድምፅ እንዳልቀሰቅስሽ
ሚስማሩን ትቼ በሙጫ እየሠራሁ ነው።

ስምንት ጨርሻለሁ።
ሠላሳ አራት ቀርቷል።