የሱቅ ቀለም

ከሂርማታ ገዝተን፣ በባጃጁ ጭነን፣
ዝናብ እንዳይነካው በብርድ ልብስ ጀቡነን፣
ቤት ገብቶ ሲበራ ደነገጥን ሁላችን፦
ብርቱካን ሆነብን ዜና አንባቢያችን።
ሣሩ ትኩስ ቀለም፤ ተጫዋቹ ወድቆ
የሚነሳ መስሎኝ አረንጓዴ አጥልቆ።

«የሱቅ ቀለም ነው ይሄ» አለ ሙዘሚል፣ የጎረቤት ልጅ፤
«መንገደኛ ይጠራል፣ ለመኖሪያ አይበጅ።»
ሪሞቱን ተቀብሎ፣ እየነካ ቁልፉን፣
ድምቀቱን ቀነሰ፣ አራገፈ ትርፉን።
ስለቱን ሲያዶለድም፣ ከሰዎች ትከሻ
ነጩ ክር ተነቀለ፣ የመርፌ ማስታወሻ።
ጥቁሩን ቢያነሳው ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣
ኪስ አወጣ ኮቱ፣ የነበረው ስልቻ።

እናቴ፦ «ደበዘዘ! ያን ሁሉ ብር ከፍለን?»
ሙዘሚል፦ «ሳምንት ታገሺ፤ ዓይን ነው የሚያታልለን፤
የጮኸውን ይለምዳል፣ ልኩ ሲመጣ ይከፋዋል።»
«ልኩ» ያላትን ቃል፣ አባቴ ከጥግ ሰምቶታል።

አርባ ዓመት በሲንጀር በረንዳ የዋለ፣
ክር ከጨርቅ ሲያዛምድ ቅንጣት ያላጎደለ፤
ዛሬ ዓይኑን ቢሸፍን የሞራው ዳመና፣
«ልክ ያልከው በማን ልክ?» አለው ቀና አለና።

«የነጂባን ኒካህ ክፈቱ።» ፍላሹ ተከፈተ፤
ቀሚሷ ወይን ጠጅ ነበር፣ በርበሬ ሸተተ።
አባቴ ተነስቶ፣ ግድግዳ ዳብሶ፣
የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ ጎንብሶ፤
ውስጡ ቁርጥራጭ ነው፣ የስንት ዘመን ትራፊ፤
ደንበኛ ልብሱን ይዞ ሲሄድ፣ ይኼ ነው የሚቀር ለሰፊ።
በጣቱ ለየና፣ ከስንቱ መሀል መዞ፣
ስክሪኑ ላይ ለጠፈ የቀሚሷን ቁራጭ ይዞ።

«ቀዩን ቀንስ... አሁንም... ሰማያዊ ጨምር...
ቆይ፣ በዛ፤ ጨርቅ አይዋሽም፣ ሰው ነው የሚያሳምር።»
ሙዘሚል በጆሮዬ፦ «ሞራ ባለው ዓይኑ?» አለኝ፤
እሱ ግን ሰማና፦ «ልጄ፣ አንድ ጉም ነው ያለኝ፤
ጨርቁም በዚያ ጉም ነው፣ ስክሪኑም በዚያው ጉም፤
ሁለቱ ከመሰሉኝ፣ ለአንተም አይለያዩም።»

የጨርቁ ጠርዝ ጠፋ፤ የት እንደሚያበቃ፣
ነጂባ ከየት እንደምትጀምር፣ አልለይ አለን በቃ።
ፊቷም ፊቷን መሰለ። ጠይም፣ እንቅልፍ የሌለው፤
ዓይኗ ስር ያ ጥላ፣ ያን ቀን ማን አስተዋለው?

አባቴ ቁራጩን አጠፈ።
«ጠዋት በፀሐይ ዳግም እናያታለን፤
ጨርቅ በመብራት ታይቶ አይገዛም» አለን።

ሌሊት ዝናብ መጣ፣ አዌቱ ጮኸ፣ መብራትም ሄደ፤
ጎህ ሲቀድ ሲመለስ፣ ያው ብርቱካን ነደደ።
የደከምንበትን ሁሉ ረስቶታል።

አባቴ በር ላይ ቆሟል፣ ቁራጩን ለፀሐይ ሰጥቶ፤
ሪሞቱን ሳነሳ አየኝ፣ ትንሽም አመንትቶ፣
«ይቆይ» አለ። «መጀመሪያ
ስልክ ደውሉልኝ፣ ለነጂባ።»