ለነፋስ የሚሆን ሣጥን

ካውናስ ላይ የካቲት። ጥጉን የዞረ መስኮት፣
ከጦርነቱ በፊት የገባ፣ ጎባጣ መስታወት።
ሚልዳ ለመዝገቡ ስንጥቁን በእርሳስ ሥላ፣
የናስ እጀታውን በጓንቷ ወልውላ፣
«ቅርስ ነው» አለች፣ «ወይዘሮ ጌኖቫይቴ፤
ፕላስቲክ አይገባም።»
            «ቅርስስ ይሁን እቴ!
ስድሳ ጥር አሳለፍኩ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣
ለዚህ ውበት ኪራይ ጉልበቴን ከፍዬ።
እስቲ ንገሪኝ፣ በዚያ ባንቺ ቅጽ ላይ
ለነፋስ የሚሆን ሣጥን አለ ወይ?»

ሚልዳ ገጽ ገለጠች። ቁመት፣ ስፋት፣ ዘመን፤
የነደፈውን ይላል፤ አይልም የኖረበትን።
ጓንቷን አወለቀች። ጣቷን በምራቅ አርሳ
ከክፈፉ ሥር ያዘች፣ ቆየች ሳታነሳ።
በኅዳጉ ጻፈች፦
«ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ በወንዙ በኩል።
ሰው ይኖርበታል።»

አሮጊቷ መሳቢያ ስባ
የሱፍ ካልሲ ወረወረችላት።
«አድርጊና ለኪ።»