አሥራ ሁለት ቆርቆሮ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋቢና ውስጥ አድሬ፣
ጉልበቴን አጥፌ፣ መሪ ሥር ታጥሬ፣
በስተርጅናዬ ለራሴ ቤት ሠራሁ፤
ደጋን ዳገቱ ላይ እግሬን ዘረጋሁ።
ዘረጋሁ ስል ታዲያ እስከ ልኩ ድረስ፣
አናቴ ግድግዳ፣ እግሬ በሩ እስኪደርስ።
አሥራ ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣
ይኸው ነው ንብረቱ፣ ሌላም የለበት።

ጎረቤቴ ዘሃራ ባጥሩ ብቅ ብላ፣
«ሹፌሩ፣ ቤትዎ መች ያድጋል? ምን ይብላ?»
አለችና ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤
የሚበላውን ግን በክረምቱ አወቅሁ።
ሚስማር ይበላል ቤት፣ ጭድ ይበላል፣ ወገብ፤
ጡረታ ይበላል፣ አይልም ግን ጥግብ።

የሐምሌ በረዶ ጣራዬን ሲወቅር፣
ባንዷ ሚስማር ቀዳዳ ውኃ ሲንቆረቆር፣
ጠብ አለች ግንባሬ ላይ። አልጋዬን አዞርኩት።
ጠብ አለች ጉልበቴ ላይ። ደግሜ አዞርኩት።
ክፍሏ ጠባብ ናትና ማዞሪያው አለቀ፤
ሳፋዬን ታቅፌ ሌሊቱ ዘለቀ።

ጧት የማውቀውን ሠራሁ፤ ጣራ ላይ ተቀምጬ፣
የጎሚስታ ትራፊ ካላማዳሪያ ቆራርጬ፣
የየሚስማሩን አናት ቆብ አለበስኩት።
ቀዳዳ ቢሉ እኔን! ስንቱን ጎማ ለጠፍኩት፣
ሚሌ በረሃ ላይ፣ አስፋልቱ ሲፈላ፤
ጣራ ምንድን ነውና? የቆመ ጎማ እንጂ ሌላ።

ጭቃውን በጤፍ ጭድ ሳምንት አቦካሁት፤
ሱሪዬን ጠቅልዬ ገብቼ ረገጥኩት።
ሽታው ለጎረቤት፣ ቅዝቃዜው ለጣቴ፤
እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም በሕይወቴ፦
ፍሬን አይሉት ነዳጅ፣ ወዴትም ላይሮጥ፣
ባንድ ቦታ ቆሞ ዝም ብሎ መርገጥ።
ሲደርቅ ተሰነጠቀ። መረግሁት።
ተሰነጠቀ። መረግሁት።
አናጢው ይመር አልፎ ሲሄድ አየኝና፣
«አብሽር» አለኝ፣
«ጭቃም እንደ ሰው ነው፣ ሳይሸበሸብ አይጠናም።»

በረዶስ ይሰማል፣ ያስጠነቅቃል መጥቶ፤
ምስጥ ግን በዝምታ፣ ልጡን ብቻ ትቶ፣
የማዕዘኑን ቋሚ ከውስጡ ጨረሰ።
ጣቴን ባሳርፍበት በሶ ሆኖ ፈሰሰ።
ላይ ላዩን ግን ቆንጆ፣ እንደ ጤነኛ ሰው፤
ቤቴም ወደ ገደሉ አንገቱን ቀለሰው።

ይመርን አስጠራሁት፤ ዙሪያውን አየና፣
«ይፍረስ» አለ። «የለም» አልኩ፣ «ትንሽ ይቆይና!»
ካልጋ ሥር ጎተትኩት ያን አሮጌ ክሪክ፣
ከመኪናዬ ሁሉ የተረፈኝ ታሪክ፤
ታቹን ድንጋይ አንጥፌ፣ ከወራጅ ሥር ከትቼ፣
ቀስ… ቀስ… ቀስ እያልኩ፣
ቤቴን አነሣሁት እጀታውን ገፍቼ።
ቆርቆሮው ተንጫጫ። ዶሮዋ ከቆጥ ዘለለች።
ዘሃራ፣ «ያ ጀመዓ! ለቤቱ ጎማ ሊቀይር ነው!» አለች።
ይመር ሳቁን ውጦ አዲሱን ጽድ ተከለ፤
በተቃጠለ ዘይት እስከ ወገቡ ኳለ።
ከዚያም በቀስታ ክሪኩን አወረድኩ።
ቤቱ ተነፈሰ።
እኔም ተነፈስኩ።

ዓመት ሙሉ እምቢ ያለ፣ በትከሻ የምዘጋው በር፣
ባንድ ጣት ገጠመ፣ ምንም እንዳልነበር።
መስኮቱ በተራው ፊቱን አጠቆረ፤
ቢለምኑት ቢመቱት፣ አልከፈት ብሎ ቀረ።
ይመር መሮ ሲያነሣ፣ «ተወው» አልኩት፣ «ይሁን፤
ለከርሞ የምሠራው ምን ይተርፈኛል አሁን?»

ትናንት ማታ ደግሞ ዝናብ ጣለ፤ ሰማሁ።
ሳፋው ባዶውን አደረ። በደረቅ ተኛሁ።
ግን ልማድ አይለቅም፤ ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ፣
አራቱን ማዕዘን በጫማዬ መትቼ፣
አዳመጥኩ። ነፋስ አልጎደለም፤ ደኅና ናቸው።
ጭነት የለ፣ ኬላ የለ፣ ወዴትም አልነዳቸው።
ከታች በአስፋልቱ አንድ ተሳቢ ወደ ባቲ ሲያዘግም አየሁ፤
እጄን አንሥቼለት፣ ተመልሼ ገባሁ።
መስኮቱን ሞከርኩት።
እምቢ።
ሳቅሁ።