ልዋጭ

«ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል አንድ ልጅ አለ እኛ ሰፈር፣
የሞተ ሰው ኮት ወስዶ ሳፋ ሰጥቶ የሚያድር።
እኔ ግን ቤት ነበር ያቀረብኩ ለልዋጭ፣
ሁለት ክፍል፣ ጣራው ላይ የጦሳ ነፋስ የሚያፏጭ፣
ኪራዩ ስምንት ብር፣ መውጫው አርባ ሦስት ደረጃ፣
ለጎረምሳ ስፖርት ነው፣ ለእኔ ጉልበት ፍርጃ።

የቀበሌ ቤት ነው፤ አይሸጥም፣ አይወረስም፤
ብቻ ተከራይ ከተከራይ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከፈቀደ፣
ቁልፍ በቁልፍ ተለውጦ ሰው በሰው ቦታ ሄደ።

ምሰሶ ላይ ለጠፍኩ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ሰማይ ጥግ ቤት አለኝ፤ ምድር ቤት ያለው መጥቶ
ይየው» ብዬ። በሳምንቱ መጣች ጦይባ፣
ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደ አበባ።
ደረጃዬን ስትወጣ አልቆመችም ለትንፋሽ፣
አልጠየቀች ስለ ውሃ፣ ስለ ሽንት ቤቱ ፈሳሽ።
አንድ ነገር ብቻ፦ «መንገዱ ይሰማል እዚህ?»
«መኪና? ጉሙ ራሱ አርፎ ነው የሚደርሰው እዚህ።»
«እወስዳለሁ» አለች፤ የሷን ገና ሳላይ።

የሷ ምድር ቤት ነው፤ ደጁ አስፋልቱ ላይ፣
ቦኖው ፊት ለፊቱ፣ ዳቦ ቤት በቀኙ፣
ጉልበቶቼ ባንድ አፍ «ይህን!» ብለው ተመኙ።

ቤቶች ጽሕፈት ቤት ስንሄድ የሚሞላ ቅጽ አለ፣
ማኅተሙን እየነፋ ምንተስኖት «ሙሉ» አለ።
ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ዕዳ ካለ የመብራት፣
ከሥር ደግሞ «ምክንያት»፤ አንድ ጠባብ መስመር ናት።

እኔ «ጉልበት» ጻፍኩ።
እሷ «ድምፅ» ጻፈች።

ምንተስኖት አነበበ፣ እስክሪብቶውን ጣለ፦
«የምን ድምፅ፣ እህቴ? እንዲህ ያለ ምክንያት የታለ?»
ጦይባ ሜትሯን ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች፣
አንድ ሜትር ከዘጠኝ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች።
ዝም። ከኋላ ወረፋው «ፍጠኑ እንጂ» ይላል።
«‹ጤና› ተብሎ ይጻፍ» አልኩኝ፤ «ጤና ሁሉን ይችላል።»
ማኅተሙ ቤት መታ፤ ቤት ከቤት ገጠመ፣
ምክንያቱ ብቻ ነው ሳይገጥም የከረመ።

ባጃጅ አልደረሰም፣ በሸክም ነው የተጋዝን፣
ደረጃው መሃል ላይ ዕቃ ከዕቃ ተያዝን፤
የኔ ቁም ሳጥን ቁልቁል፣ የሷ ሲንጀር ሽቅብ፣
«ይለፉ» «አንቺ እለፊ»፤ ተሸካሚው ሲሳደብ።

የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፉ ማር ነበር።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ በአገር፣
አንድ አይሱዙ መጣ ከቁልቁለቱ አናት፣
ፍሬኑ ጮኸ፤ ረዥም፣ ቀጭን ጩኸት።
በማግስቱም ጮኸ።
በሠልስቱ ተነሥቼ በሩን በጨርቅ ስወለውል፣
መቃኑ ላይ አየሁ የእርሳስ ጭረት እንደ መሰላል፦
«አንዋር፣ ሦስት ዓመቱ»፣ «አንዋር፣ አራት»፣ «አምስት ሊሆን»፤
ከዚያ በላይ እንጨት ብቻ፣ ማንም ሳይነካው ሌጣውን።
ሜትር የለኝም እኔ፤ ግን አውቃለሁ ስንት፣
አይቼ ነበርና ጣቷ ያረፈበት።

በወሩ አንድ ልጅ መጣ፤ የላከችው ጦይባ፦
«ምስማር አለ ትላለች፣ ጓዳ በር ላይ ሲገባ፣
ልንቀለው ወይ ጋሼ?»
ፈንታነሽ ነጠላዋን የምትሰቅልበት ነበር።
ስምንት ሰው በቃሬዛ፣ አርባ ሦስቱን ደረጃ፣ በጉም፣ ያወረዳት በዚያ በር።
እኔም «ጉልበት» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣
መስመሯ ጠባብ ሆና፣ ሌላው አልበቃ ሲላት።
«ይቆይ በላት» አልኩት።

ለመስቀል ቀለም ገዛሁ፣ ሰማያዊ፣ ደብዛዛ፤
ቀቢው ከሸዋ በር ነው፣ አፉ ወሬ የበዛ።
ግድግዳው አለቀ፣ በሩ ደረቀ፣ ሲጨርስ መቃኑን
ከላይ ወደ ታች አየ፣ አነሣ ብሩሹን፦
«ጋሽ ደምሳሽ፣ ይቺን ሁለት ስንዝር ረሱ።»
«ተዋት። ከሒሳብህም አልቀንስ ስለሱ።»